«ፕሮ»ው ይገዛ ወይስ ይቅር?

በየካ መንደሮች፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ ድረስ፣ የልጆችን ወሬ ጆሮውን ሰጥቶ ለሚሰማ ሰው ሰሞኑን የማይጠፋ ቃል አለ፤ «ፕሮ»። «እነ እንትና ቤት ፕሮ ገባ» ይላሉ። «አንተ ገና ፎር ላይ ነህ?» ብለው ይሳሳቃሉ። እኔ መጀመሪያ ስሰማው የፕሮፌሰር ማሳጠሪያ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን የጌም ማሽን ነው፤ ሙሉ ስሙ ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ፣ ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የነበረውን አሻሽሎ ያወጣው። ኩባንያው ዕቃውን ያስተዋወቀው ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር፤ እኛ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ ቄጤማ ስንገዛ ማለት ነው። ገበያ ላይ የዋለው ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲሆን ዋጋው በአሜሪካ 699 ዶላር ከ99 ሳንቲም ተቆረጠለት።

በእኛ ቤት ጉዳዩ ከወሬ አልፎ የቤተሰብ ስብሰባ አስጠርቷል። አብሮኝ የሚኖረው የ14 ዓመት የልጅ ልጄ ያለው ፕሌይስቴሽን 4 ነው፤ ከአራት ዓመት በፊት ከሰው እጅ የተገዛ። አሁን ሲከፈት እንደ እህል ወፍጮ ይጮኻል። ልጁ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ገባ፤ ጥሩ ውጤት ካመጣህ የሚል ቃል ተገብቶለት ስለነበር ሰርተፊኬቱን ይዞ መጣ። አሜሪካ ያለው አጎቱ በስልክ «ግማሹን እኔ እችላለሁ» አለ። የእናቱ እቁብም ተራው ደርሷል። የእቁቡ ገንዘብ ግን አስቀድሞ የታሰበለት ነገር አለው፤ ሮቶ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ ምን ማለት እንደሆነ ለየካ ሰው አይነገርም።

ልጄ፣ ማለትም የልጁ እናት፣ ይገዛ ባይ ናት። የምታቀርበው ምክንያትም የዋዛ አይደለም። «ቤት ከሌለው ጌም ቤት ይሄዳል፤ ጌም ቤት ከሚውል ዓይኔ እያየው እዚሁ ይጫወት» ትላለች። ጌም ቤቶቹን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። አንድ ክፍል ነው፤ ብዙውን ጊዜ የቆርቆሮ ወይም የኪራይ ሱቅ። ሦስት አራት ቴሌቪዥን ከግድግዳ ጋር ይደረደራል፣ ፊት ለፊቱ አግዳሚ ወንበር፣ በሩ ላይ ብርሃን እንዳይገባ ወፍራም መጋረጃ። ክፍያው በግጥሚያ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል። እኛ ሰፈር ያለው ቤት መስኮት የለውም። ዘመኔን ሁሉ ጤና ጣቢያ «መስኮት ክፈቱ» እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ አንድ ቀን ገብቼ ባለቤቱን መጋረጃውን እንዲገልጠው ለመንኩት። ጨዋ ልጅ ነው፣ «እሺ ሲስተር» ብሎ ገለጠው። ከነገ ወዲያ ሳልፍ ተመልሶ ተጋርዷል። በጠባብ ክፍል ሃያ ልጅ ተፋፍጎ ሲጮኽ፣ አንዱ ሳል ካለበት የሚሆነውን ለማወቅ ነርስ መሆን አያስፈልግም።

ይሁንና ጌም ቤት ሰይጣን ቤት ነው የሚሉትንም አልቀበልም። የእኛ ዘመን ልጆች ከረንቡላ ቤት ተሸጉጠው አይተናል፤ ከዚያ ጆተኒ መጣ፣ መንገድ ዳር ቆሞ ሳንቲም እየበላ። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ጃፓን ውስጥ የወጣው ኅዳር 1987 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛው በ1992 ዓ.ም. ተከተለ፤ በዓለም ዙሪያ ከ155 ሚሊዮን በላይ የተሸጠለት ይኸኛው ነው። አዲስ አበባንም ያጥለቀለቃት እሱ ነው፤ ኮፒ ሲዲው በየመንገዱ ይሸጥ ነበር። የዛሬ አባቶች፣ ልጆቻቸውን «ምነው ጌም ላይ ተተከልክ» የሚሉት፣ በዚያ ማሽን ያደጉ ናቸው። አራተኛው ኅዳር 2006፣ አምስተኛው ኅዳር 2013 ዓ.ም. መጡ። እንጦጦ ፓርክ የተመረቀው ከአምስተኛው አንድ ወር ያህል ቀድሞ ነው፤ በአንድ መኸር ለልጆች ሁለት ነገር ተከፈተላቸው ማለት ይቻላል፤ አንዱ ዳገት ላይ፣ አንዱ ሳሎን ውስጥ።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከመወሰኑ በፊት አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ነበር። በዚያ ሂሳብ 700 ዶላር 40 ሺህ ብር አካባቢ ይሆን ነበር። ዕቃው ግን የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ዶላሩ ከ140 ብር በላይ ሆኗል፤ ሶኒም በነሐሴ 2017 ዓ.ም. በአሜሪካ ዋጋው ላይ 50 ዶላር ጨምሮ ነበር። በዚያን ጊዜ ዋጋ 750 ዶላር በ140 ሲባዛ 105 ሺህ ብር ነበር። ይህ ቀረጥ፣ ታክስ፣ የነጋዴ ትርፍ ሳይነካው ነው። መገናኛ ወርደን የጠየቅንበት ሱቅ ከዚህም በላይ ጠራብን። ሻጩ ልጁን እያየ፣ እኔን ደግሞ እየዘለለ ነበር የሚያወራው፤ ማን እንደሚያስገዛ ጠንቅቆ ያውቃል።

ለዚህ ገንዘብ የሚገኘው ምንድን ነው? ጠይቄም አስነብቤም የተረዳሁትን ልጻፍ። ፕሮው ከመደበኛው አምስተኛ የሚለየው በዋናነት ሥዕል በሚያወጣው ክፍሉ ነው፤ ኩባንያው 45 በመቶ ያህል ይፈጥናል ይላል። ማስቀመጫው 2 ቴራባይት ነው። በመደበኛው ማሽን ብዙ ጨዋታዎች ተጫዋቹን «ሥዕሉ ይጥራልህ ወይስ እንቅስቃሴው ይፍጠንልህ?» ብለው ያስመርጡታል፤ ፕሮው ሁለቱንም ባንዴ ለማስገኘት የተሠራ ነው። ጥሩ። ግን ይህ ሁሉ ጥራት የሚታየው በፎር ኬ ቴሌቪዥን ነው። የእኛ ባለ 43 ኢንች፣ ፉል ኤች ዲ የሚባለው ነው።

እዚህ ላይ የሙያዬን ነገር ላንሳ። ዓይን ስንለካ ታካሚውን 6 ሜትር ላይ አቁመን ፊደል የተጻፈበትን ሰሌዳ እናስነብባለን። የሰሌዳው ሚስጥር ይኸ ነው፤ ደህና የሚባል ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያየው፣ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን አንድ ዲግሪ ለ60 ተከፍሎ አንዱን ያህል ሲሆን ነው። ይህንን ወደ ሳሎን አምጡት። 3 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው፣ አንድ ሚሊ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ከቀረው በታች ያለውን ልዩነት አይለይም። በባለ 43 ኢንቹ ፉል ኤች ዲ ላይ የአንዷ ነጥብ ስፋት ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው፤ በፎር ኬው ሩብ ሚሊ ሜትር። ሁለቱም ዓይን ከሚለየው በታች ናቸው። የልጅ ዓይን ከሰሌዳው መለኪያ ሊሻል ይችላል፣ የእንቅስቃሴው ፍጥነትም ይታወቃል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ሥዕሉ ጠራ አልጠራ ብሎ ለመለየት ልጁ ወደ ቴሌቪዥኑ መጠጋት አለበት። ገንዘብ ከፍዬ ልጄን ወደ ስክሪን አላስጠጋም።

ለየካ ልጅ ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ሌላ ነው። ፕሮው ሲዲ ማስገቢያ የለውም። ማስገቢያውን ለብቻው መግዛት ያስፈልጋል፤ በአሜሪካ 80 ዶላር ገደማ። አዲስ አበባ ውስጥ የጌም ኑሮ የቆመው በሲዲ ነው። ልጁ አንዱን ጨርሶ ይሸጣል፣ ጨምሮ ሌላ ይገዛል፣ ከጓደኛው ይለዋወጣል። ሲዲ ከሌለ ጨዋታው ከሶኒ የኢንተርኔት መደብር ይወርዳል፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ኩባንያው ይህን አገልግሎት በይፋ ከሚሰጥባቸው አገሮች ውስጥ የለችም። ልጆቻችን አካውንት የሚከፍቱት የሌላ አገር ነዋሪ መስለው ነው፣ ክፍያውም ውጭ ባለ ዘመድ ወይም በስጦታ ካርድ ነው። ትልልቆቹ ጨዋታዎች ከ100 ጊጋባይት ያልፋሉ። ወርዶ እስኪያልቅ መብራት ስንት ጊዜ እንደሚሄድ እንግዲህ አስቡት።

ልጁ አንድ ትልቅ ካርድ ነበረው። «እማማ፣ ፊፋ እኮ ለፎር መሥራት አቁመዋል» አለኝ። ፊፋ የሚሉት የእግር ኳሱን ጨዋታ ነው፤ ስሙ ከመስከረም 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ሆኗል፣ አዘጋጁ ድርጅትና የዓለም እግር ኳስ ማኅበሩ ወደ 30 ዓመት አብረው ሠርተው ስለተለያዩ። የሰፈር ልጆች ግን ዛሬም ፊፋ ነው የሚሉት። አጎቱ አጣርቶ ደወለ፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. የወጣው ኤፍሲ 26 እንኳ ለፕሌይስቴሽን 4 ተሠርቷል። ልጁ ይህን ሲሰማ አልተከራከረም። ዝም አለ። ያ ዝምታ ነው ጉዳዩ ሌላ እንደሆነ የነገረኝ።

የጤናውን ነገር ብዙ ወላጆች ስለሚጠይቁኝ እግረ መንገዴን ልበል። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል፤ ዝርዝሩ የጸደቀው ግንቦት 2011 ዓ.ም. ነው። መለኪያው ግን የሰዓት ብዛት አይደለም። ልጁ ራሱን መግታት ሲያቅተው፣ ጌሙ ከምግብ ከእንቅልፍ ከትምህርት ሲቀድምበት፣ ጉዳቱን እያየ እንኳ ሲቀጥል፣ ይኸም እንደ ደንቡ ለአንድ ዓመት ያህል ሲዘልቅ ነው ሕመም የሚባለው። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት የተጫወተን ልጅ ሱሰኛ ብሎ መፈረጅ ስድብ ነው። የሚጥል በሽታ በቤተሰብ ካለ ግን ብልጭ ድርግም የሚል ሥዕል ያሳስባል፤ በ1990 ዓ.ም. ጃፓን ውስጥ በአንድ የልጆች ካርቱን ብልጭታ የተነሳ ከ600 በላይ ተመልካቾች ሆስፒታል ተወስደዋል። ጌሞቹም ሲከፈቱ ይህንኑ ማስጠንቀቂያ ያሳያሉ፤ ማንም ግን አያነበውም።

የዓይን ነገር ደግሞ እኔን ከሁሉ ያስጨንቀኛል። ቻይና ጓንግዡ ውስጥ 12 ትምህርት ቤቶች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። በግማሾቹ ትምህርት ቤቶች ያሉ የአንደኛ ክፍል ልጆች በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ደጅ እንዲቆዩ ተደረገ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደጅ ካልተጨመረላቸው 39.5 በመቶው ሩቅ ማየት ሲያቅታቸው፣ ከተጨመረላቸው ደግሞ 30.4 በመቶው። መድኃኒት አልወሰዱም፤ የተጨመረላቸው ደጅ መቆየት ነው። እኛ ደግሞ ብርሃን አላጣንም፤ ከበላያችን እንጦጦ አለ።

ስለዚህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጁን ይዤ እወጣለሁ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ስላልሆነ ከየካ ሚካኤል በላይ ወደ ዋሻ ሚካኤል የሚወስደውን አቀበት በእረፍት ነው የምንጨርሰው። በማለዳ ከሆነ ሯጮቹ በባሕር ዛፉ መሀል እየጠፉ እየታዩ ያልፋሉ፤ እንጨት ተሸካሚ እናቶች ከራሳቸው የሚከብድ ሸክም ይዘው ይወርዳሉ። ልጁ መጀመሪያ እያጉረመረመ ነው የሚወጣው፤ ግማሽ መንገድ ላይ ግን አንደበቱ ይፈታል። ወላጆች ይህንን ልብ በሉልኝ፤ የ14 ዓመት ወንድ ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ አያወራም፤ ጎን ለጎን ሲሄድ ነው የሚያወራው።

ያን እሑድ ያወራኝ ስለ ጓደኛው ነው። ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ያደጉ፣ አንዱ የሌላውን ጫማ የሚጫማ ልጆች ነበሩ። በመንገድ ሥራው የእነሱ ቤት ፈርሶ ቤተሰቡ ወደ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ገባ። ከመገናኛ ተሳፍሮ ደርሶ መልሱ ግማሽ ቀን ይበላል። ለጓደኛው አክስቱ ከዱባይ ፕሌይስቴሽን 5 ይዛለት መጣች። «በኢንተርኔት እንጫወታለን ተባብለን ነበር፤ የእኔ ፎር ከእሱ ፋይቭ ጋር አያገናኝም» አለኝ። «ፕሮ ካለኝ ግን እሱ ጋ መግባት እችላለሁ። እዚያ ደግሞ አዲስ ጓደኞች አግኝቷል።»

የመጨረሻዋን ቃል ሲናገር ፊቱን ወደ ከተማው አዙሮ ነበር። የዚህ ልጅ ጥያቄ ስለ 45 በመቶ ፍጥነት አልነበረም። ለእናቱ ማታ ስነግራት የእቁቡን ገንዘብ ልታወጣ ተነሳች፤ «ሮቶው ይቆይ» ብላ። እውነቱን ለመናገር እኔም ልቤ ተነካ፤ በጀሪካን መኖር እናውቅበታለን።

ሆኖም ከመክፈል በፊት የነገሩን አሠራር ማወቅ ይቀድማልና ሰፈር ያለውን የጌም ጠጋኝ ጠየቅነው። ልጁ ያለው ትክክል ነው፤ የኳሱ ጨዋታ የአራተኛው ቅጂና የአምስተኛው ቅጂ በኢንተርኔት አይገናኙም፤ እያንዳንዱ ከየትውልዱ ጋር ነው። ጠጋኙ ግን ቀጥሎ አንድ ነገር አለ፤ «ጓደኛው ማሽን ሲዲ ማስገቢያ አለው?» አለው። «ካለውማ የፎሩን ሲዲ ፋይቩ ያነበዋል። እሱ የፎሩን ቅጂ ከከፈተ በቃ፣ ሁለታችሁም አንድ ቦታ ናችሁ።» በቤታችን አንድ ወር የተከራከርንበትን ነገር በግማሽ ደቂቃ ፈታው።

ቅዳሜ አራብሳ ሄድን። እኔ ከጓደኛው እናት ጋር ቡና ስጠጣ (ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ከሰፈሯ ርቃ ገና አልለመደችውም፣ የቡና ጎረቤት ነው የናፈቃት) ልጆቹ የእኛን ሲዲ በእነሱ ማሽን ሞከሩት። ሠራ። ከጓዳው የመጣው ጩኸት ጌም ቤቱን የሚያስንቅ ነበር። ልብ በሉ፣ ማሽኑ ሲዲ ማስገቢያ የሌለው ዓይነት ቢሆን ኖሮ ይህ መንገድ ይዘጋ ነበር፤ እኛም ያንን ፕሮ ገዝተን ቢሆን ያለንን ሲዲ ሁሉ መደርደሪያ ላይ እናስቀምጠው ነበር።

የተስማማነው እንዲህ ነው። ፕሮው አይገዛም። አሮጌው ማሽን ተከፍቶ አቧራው ይጠረጋል፣ የደረቀው የማቀዝቀዣ ቅባት ይቀየራል፤ እንደ ወፍጮ የሚያስጮኸው ይኸው ነው። መብራቱ ሲወጣና ሲወርድ እንዳያቃጥለው ስታብላይዘር ተገዝቷል። ለጓደኛው ከሰው እጅ አንድ የአራተኛው ቅጂ ሲዲ አግኝተንለታል። በኢንተርኔት ለመጫወት ለሁለቱም የአባልነት ክፍያ ያስፈልጋል፤ እሱን አጎቱ ይችላል፣ «ለዚህማ ግማሽ ሳይሆን ሙሉውን» ብሏል። የሁሉም ድምር ከፕሮው ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። የእቁቡ ገንዘብ ወደ ሮቶው ሄዷል።

እናቱ ለጨዋታው አርብ ማታና ቅዳሜን ፈቅዳለች። እኔ በበኩሌ ከቴሌቪዥኑ ሁለት ሜትር ተኩል ለክቼ ወለሉ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ወንበር አይገባም። መስኮቱም ክፍት ይሆናል። ልጁ በፕላስተሩ ሳቀ፣ በመስኮቱ ግን ተከራከረ፤ የኅዳር ብርድ ነው ብሎ። ብርድ ልብስ ደርብ አልኩት።

አሁን የቀረው ጥገናው ነው። ጠጋኙ ለሐሙስ ቀጥሮናል።